«እኔ ነኝ» ያለ ድምፅ

መስኮት ቁጥር ሦስት ነው የእኔ መቀመጫ፣
ሳካታ ወደብ ላይ፣ የነፋስ መግቢያና መውጫ።
ጥር ነው። በረዶው በሩን ደፍኖት ነበር፤
አካፋ ይዘን ወጥተን ስንጠርግ፣ ስንቆፍር፣
አንዲት አሮጊት መጡ፣ ጃንጥላ ሳይዘጉ፤
ከነበረዷቸው ወደ እኔ ተጠጉ።

ወይዘሮ ቺዮኖ፣ ሰማንያ አንድ ዓመት፤
ጀልባዋን መልሶ
ባላቸውን ባሕር ያስቀረባቸው ሴት።
የቁጠባ ደብተር፣ ማኅተም በከረጢት፣
ሁሉን ዘረገፉት ከመስታወቱ ፊት።
«ሦስት ሚሊዮን የን። በጥሬው። ቶሎ በል፤
ልጄ ጭንቅ ላይ ነው፣ ሰዓቱ ይነጉዳል።»

እኛ ዘንድ ደንብ አለ፤ ለሸመገለ ሰው
ያን ያህል ሳንቆጥር «ለምን?» ነው የምንለው።
ጠየቅሁ። ተቆጡ። «ምን አገባህ?» አሉኝ።
ከዚያ ድምፃቸው ወረደና ነገሩኝ።

ማታ ስልኩ ጮኸ። አነሡት እሳቸው።
ጉንፋን ያፈነው ድምፅ «እማ፣ እኔ ነኝ» አላቸው።
«እኔ ነኝ» ብቻ ነው። ስም አልጠራም ከቶ።
ስሙን ያበደረው የእናት ልብ ነው፣ ጓጉቶ፦
«ሹንጂ ነህ?» አሉታል። «አዎን፣ ሹንጂ» ብሎ
ገባ በዋናው በር፣ በስሙ ተጠቅልሎ።

ባቡር ላይ ቦርሳውን ረስቶ ወረደ፤
የመሥሪያ ቤቱ ቼክ አብሮት ነጎደ፤
ስልኩም እዚያው ቀረ፣ ቁጥሩ ተቀይሯል፤
እስከ ቀትር ካልከፈለ ከሥራ ይባረራል።
እሱ አይመጣም፤ ጓደኛው ይመጣል፣
ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ፖስታ ይቀበላል።
«ለባንክ ሰው ደግሞ አትንገሪ፣ አደራ፤
‹ለምን?› ካሉሽ በይ ‹ጣሪያዬን ላሠራ›።»

ይህችን ተረት እኔ አርባ ጊዜ ሰምቻለሁ፤
ቦርሳው ይለዋወጣል፣ ባቡሩን አውቃለሁ።
አንዴ ፖሊስ ይሆናል፣ አንዴ የባንክ አለቃ፣
አንዴ «ሂሳብሽ ታግዷል፣ ይህን ንኪ፣ በቃ»።
ልብሱ ይቀየራል፤ ጥድፊያው ግን ያው ነው፤
«ቶሎ» እና «ለማንም እንዳትነግሪ» ነው ዜማው።

«በድሮው ቁጥር ደውለው ሞከሩ?»
«ተቀየረ ብሎኝ የለ ቁጥሩ?»
«እስቲ ለማንኛውም» ብዬ ሰጠኋቸው
የመስኮቱን ስልክ። ቁጥሩን ከልባቸው
አንድ በአንድ አወጡት፣ ጣታቸው ሳይስት።
ጠራ። ጠራ። ጠራ። ተነሣ በስድስት።

«እማ? ምን ተፈጠረ? ስብሰባ ላይ ነኝ እኮ፤
ሰው ሞተ?» አለ ድምፁ፣ ሳይስል፣ ታውኮ።
«ማንም አልሞተም» ብለው
ስልኩን ቀስ አድርገው
አስቀመጡት።

«እንኳን ተረፉ» አልኩ። እሳቸው ዝም አሉ።
ማኅተሙን ወለወሉ፣ ደብተሩን አጠፉ፣
ጓንታቸውን አጠለቁ፤ ከዚያ እንዲህ አሉ፦
«ሌባው ግን
‹እራት በልተሻል ወይ?› ብሎኝ ነበር።»

በመሳቢያዬ ውስጥ ለሁሉም ቅጽ አለ፤
ለጠፋ፣ ለተሰረቀ፣ ለታገደ፣ ለተጭበረበረ።
ለዚህ ግን የለኝም።

ካርቶን ቆርጬ ጻፍሁ፣ ፊደሉን አጉልቼ፦
«ይዝጉት። በሚያውቁት ቁጥር ራስዎ ይደውሉ።
የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይበሉ።
አንድ ጥያቄ ይያዙ፣ ልጅዎ ብቻ የሚያውቀውን።»
«የአባቱን ጀልባ ስም» አሉ። ከስልኩ በላይ ሰቀሉት።

በሳምንቱ መጡ፣ የመብራት ሊከፍሉ።
እሑድ ማታ ስልኩ ጮኾ ነበር አሉ።
«እኔ ነኝ» አለ ድምፅ።
«እኔ ማን?» አሉት።
«ሹንጂ ነኛ፣ እማ።»
«የአባትህ ጀልባ ስሟ ማን ነበረ?»

መስመሩ ጭር አለ። በረዶ ከጣሪያ
ሲንሸራተት ብቻ ተሰማ።
«እማ…» አለ በመጨረሻ፣ «ረሳሁት እኮ።»

ሌባ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ይዘጋል።
አልዘጋም።

«አልነግርህም» አሉት።
«ከመጋዘኑ ጀርባ ተገልብጣ አለች።
ና፤ በረዶውን ጥረግና
ራስህ አንብባት።»